ከቦንዳ ክምር የወጣችው የፋሮ ማሊያ

ጥር 2005 ዓ.ም. ነው። ዋልያዎቹ ከ31 ዓመት በኋላ አፍሪካ ዋንጫ ገብተዋል። አዲስ አበባ ከጫፍ እስከ ጫፍ አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ ለብሳለች። እኔም እንደ ሰው ማሊያ ልገዛ መርካቶ ወረድኩ። ይዤ የተመለስኩት ግን የፋሮ ደሴቶችን፣ በሰሜን አትላንቲክ ያለችውን በዴንማርክ ስር የምትገኝ ትንሽ አገር፣ ነው።

አንዱ ጋ ገና ቦንዳ ተፈቶ ሰው ይሻማል። ከጃኬት ክምር ስር ነጭ እጅጌ አየሁና ሳብኩት። ሰማያዊ ጠርዝ አለው። ሻጩ ልጅ ዓይኔን አይቶ፣ "ብራዘር፣ የፊንላንድ ነው፤ ኦሪጅናል" አለኝ። ገልብጬ ሳየው "ፎሮያር" ይላል፤ ፋሮ በራሳቸው ቋንቋ። ልቤ ዘለለ። ፊቴን ግን አጠቆርኩ፤ መርካቶ ውስጥ የተደሰተ ሰው ሁልጊዜ እጥፍ ይከፍላል። 120 ብር ያለኝን በ80 ተስማማን።

ፋሮን የማውቃት ከድሮ የስፖርት ጋዜጣ ነው። እ.ኤ.አ. መስከረም 1990 ኦስትሪያን 1 ለ 0 አሸነፉ። ኦስትሪያ ከዓለም ዋንጫ የተመለሰችው በዚያው ክረምት ነበር። ፋሮዎች ያኔ ለውድድር የሚሆን የሣር ሜዳ ስላልነበራቸው "የሜዳቸውን" ጨዋታ ያደረጉት ስዊድን፣ ላንድስክሮና ከተማ ላይ ነው። በረኛው በሹራብ ኮፍያ ነበር የተጫወተው። ሕዝባቸው ሃምሳ ሺህ ገደማ ነው። የእነዚህ ሰዎች ማሊያ እንዴት ከመርካቶ ክምር ስር እንደተገኘ እስካሁን አስባለሁ።

ዛሬ 43 ማሊያ አለኝ። ብራዚል የለም፣ ጀርመን የለም። ሱቅ ውስጥ ተሰቅሎ የሚታይ ከሆነ አልገዛም፤ ሕጌ ይኸው ነው።

መጀመሪያ ላይ "ገንዘብ ካለ ይገኛል" ብዬ ነበር የማስበው። ያልገባኝ ነገር፣ የትናንሽ አገሮች ማሊያ አብዛኛው ለሽያጭ አለመሠራቱ ነው። ለቡድኑ ጥቂት ካርቶን ይመጣል፣ ተጫዋቹ ይለብሳል፣ ይታጠባል፣ ይቆጠራል። ይህን ያስተማረኝ አንድ የትጥቅ ኃላፊ ነው። ኅዳር 2008 ዓ.ም. የምሥራቅና መካከለኛው አፍሪካ ዋንጫ፣ ሴካፋ፣ እኛ ጋ ሲዘጋጅ ሶማሊያ፣ ጂቡቲ፣ ደቡብ ሱዳንና ዛንዚባር ሁሉም ቤታችን ድረስ መጡልኝ። ሥራዬን ጥዬ ሦስት ቀን ሆቴል በር ላይ ቆምኩ። አንድም ተጫዋች ማሊያውን አልሰጠኝም። በመጨረሻ የዛንዚባሩ የትጥቅ ኃላፊ አዘነልኝ መሰል፣ "ለአንድ ልጅ ሁለት ሁለት ነው ያለኝ። አንዷ ብትጎድል ከኪሴ ናት" አለኝ። ወስጄ ቡና ጋበዝኩት። በማግስቱም ጋበዝኩት። ሊሄዱ ሲሉ አንድ የልምምድ ማሊያ በፌስታል ጠቅልሎ ሰጠኝ። የኮሌታው ስፌት የተተረተረ ነው።

እ.ኤ.አ. መጋቢት 2017 ዛንዚባር የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን (ካፍ) አባል ሆነች ሲባል ያቺን ማሊያ አውጥቼ ሰቀልኳት። አራት ወር እንዳለፈ "ስህተት ነበር" ተብሎ አባልነቱ ተሰረዘ። በዚያው ዓመት መጨረሻ የሴካፋ ፍጻሜ ደርሰው በኬንያ በፍጹም ቅጣት ምት ተሸነፉ። ማሊያዋን እንደተሰቀለች ተውኳት።

አሁን ወደ ሞኝነቴ። ደቡብ ሱዳን ነጻ የወጣችው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው፤ ፊፋ የገባችው በዓመቱ። የመጀመሪያ የውድድር ድሏ ደግሞ በ2015 ጁባ ላይ ኢኳቶሪያል ጊኒን 1 ለ 0 ያሸነፈችበት ነው። አንድ ሻጭ "በዚያ ጨዋታ የተለበሰ" ብሎ 4,500 ብር ጠየቀኝ። ጭቃ ሁሉ ነበረው! ጭቃውን ሳይ ጭንቅላቴ ሥራ አቆመ። ከፈልኩ። ቤት ገብቼ ከውስጥ ጎኑ ላይ ያለችውን ትንሽ የጨርቅ መለያ አየሁ። የዕቃ ቁጥር ተጽፎባታል። ቁጥሩን ኢንተርኔት ላይ ሳስገባው የአንድ እንግሊዝ ክለብ የልምምድ ሱሪ ሆኖ ወጣ። ሱሪ! ጭቃው ግን እውነተኛ ጭቃ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ከፊት የተነሳ ፎቶ አያታልለኝም። ሻጩን የማስቸግረው ማሊያውን ገልብጦ እንዲያነሳልኝ ነው። የተጠለፈ ዓርማ ከጀርባው ክሩ ጥቅጥቅ ያለና የተስተካከለ ይሆናል፤ የኮፒው ክር እንደተበጠሰ ድር ይንዘላዘላል። ከዚያ የዕቃውን ቁጥር እጠይቃለሁ። "ቁጥሩ ታጥቦ ጠፍቷል" ካለኝ ሰላም ብዬ እለያለሁ። ደግሞ ማን ሠራው የሚለውን ቀድሞ ማወቅ ይጠቅማል። ለምሳሌ ለደቡብ ሱዳን ኤኤምኤስ የሚባል ትንሽ የአውስትራሊያ ድርጅት ሠርቶ ያውቃል፤ ብዙ ኮፒ ሠሪዎች ይህን ስለማያውቁ ዝም ብለው የታወቀ ብራንድ ይለጥፉበታል።

ትልቁን ጉዳት ያደረሰው ግን አጭበርባሪ አይደለም። እኔው ነኝ። ያቺ ነጭ የፋሮ ማሊያ ብብቷ ስር ቢጫ ነገር ነበራት። ነጭ አይደለች? በረኪና ውስጥ ዘፈዘፍኳት። ስመለስ የዓርማው ክር ቀለሙን ለቆ እንደ አሮጌ ወረቀት ገርጥቷል። ሌላ ጊዜ ደግሞ እናቴ፣ እግዜር ይስጣትና፣ የተጨማደደውን የሲሼልስ ማሊያ አይታ በካውያ ልታስተካክለው ሞከረች። ቁጥር 8 ካውያው ላይ ቀረ። "አንተ ልጅ፣ የፕላስቲክ ልብስ ነው እንዴ የምትሰበስበው?" አለችኝ። እውነቷን ነው። አሁን ገልብጬ፣ በቀዝቃዛ ውሃ፣ በትንሽ ኦሞ፣ በእጄ አጥባለሁ። ጥላ ውስጥ ይደርቃል። ሳጥፍ ቁጥሩ ከቁጥር ጋር እንዳይጣበቅ መሃሉ ነጭ ወረቀት አደርጋለሁ።

ከውጭ መግዛት ለኛ ሌላ ፈተና ነው። ካርድም ዶላርም እንደ ልብ አይገኝም። አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለው የአክስቴ ልጅ ይከፍልልኝና ዕቃው እሱ ቤት ይቀመጣል፤ ከዚያ ሰው እስኪመጣ መጠበቅ ነው። ስዋዚላንድ የሚል ጽሑፍ ያለበት ማሊያዬ ስምንት ወር ጠብቋል። አገሪቱ እ.ኤ.አ. በ2018 ኤስዋቲኒ ስለተባለች ያ ስም ዳግም አይታተምም፤ ስለዚህ ስምንት ወሩ አልከበደኝም።

የተሻለው መንገድ የመጣው በሆስተስ ጓደኛዬ በኩል ነው። የኛ አየር መንገድ የኮሞሮስ ዋና ከተማ ሞሮኒ ይበራል፣ ጁባ ይበራል፣ ንጃሜና ይበራል። እኔ የምፈልጋቸው አገሮች በሙሉ ለእሷ የሥራ መስመር ናቸው። የኮሞሮስን እንድታመጣልኝ የለመንኳት ጥር 2014 ዓ.ም. ካሜሩን ላይ ያንን ጨዋታ ካየሁ በኋላ ነው። ኮሞሮሶች ለመጀመሪያ ጊዜ አፍሪካ ዋንጫ ገብተው፣ ጋናን 3 ለ 2 አሸንፈው፣ ከአዘጋጇ ጋር ሲደርሱ በረኛ አለቀባቸው። የግራ ተከላካዩ ሻከር አልሃዱር በረኛ ሆኖ ገባ። በጀርባው ላይ 3 ቁጥር በፕላስተር ተለጥፏል። ገና በጊዜ ቀይ ካርድ አይተው በ10 ሰው እየተጫወቱ 2 ለ 1 ብቻ ተሸነፉ። ያንን ፕላስተር የለጠፈው ሰው እጁ ይባረክ።

ጓደኛዬ ሞሮኒ ገበያ ያየችው ሁሉ ኮፒ ነበር። እውነተኛውን ያገኘችው ከሆቴል ሠራተኛ ወንድም ነው። ዋጋው ሁለት ኪሎ የተቆላ የይርጋጨፌ ቡና። ከዚያ ወዲህ ገንዘብ የምጠቅሰው ቡናው እምቢ ሲባል ነው።

በቡና ከተዋወቅኳቸው አንዱ ኖርዌይ፣ በርገን የሚኖር ሰብሳቢ ነው። የበረኪናውን ታሪክ ስነግረው ሁለት ቀን አላናገረኝም። ባለፈው ዓመት "አንድ ብርቅ ነገር ልጠይቅህ" ብሎ ጻፈልኝ። የፈለገው ዋልያዎቹ በዚያ በ2005ቱ አፍሪካ ዋንጫ ደቡብ አፍሪካ ላይ የለበሱትን ነው። እሱ ዘንድ ብርቁ አገር እኛ ነን! ቁም ሳጥኔን ከፈትኩ። ፋሮ አለ፣ ኮሞሮስ አለ። የኢትዮጵያ ሦስት አለኝ፤ ሦስቱም የመንገድ ኮፒ።

ሁለት ወር ጠየቅኩ፣ ተጠያየቅኩ። በመጨረሻ በብሔራዊ ቡድኑ ዙሪያ ይሠራ የነበረ አንድ ጋሼ ቤት ደረስኩ። ከቁም ሳጥን በነጭ ነጠላ የተጠቀለለ ነገር አወጡ። ገለበጥኩት። ክሩ ጥቅጥቅ ያለ ነው፣ መለያው አለ፣ ቁጥሩ ይነበባል። እጄ ተንቀጠቀጠ።

"ጋሼ፣ ስንት ልስጥዎት?"

"ምኑን?" አሉኝና መልሰው ጠቀለሉት። "ይልቅ ቡናው ሳይበርድ ጠጣ።"

ፎቶ ብቻ አስፈቅጄ አንስቼ ለበርገኑ ሰውዬ ላክሁለት። በደቂቃ ውስጥ መለሰልኝ፦ "በረኪና እንዳያስነኩት ንገራቸው።"