ሰማያዊ ሰደርያ የለበሱት ሰዎች

ከምኖርበት ከጀርመን ባህር ዳር በመጣሁ ቁጥር ቡና ላይ አንድ ጥያቄ አይቀርም። «እዚያ ባቡሩ እንዴት ነው? እንደ ጥይት ነው የሚከንፈው አሉ!» ልክ ነው፣ ይከንፋል። ከፍራንክፈርት ኮሎኝ ባለው ፈጣን መስመር በሰዓት እስከ 300 ኪሎ ሜትር ይሄዳል። እኔ ግን ከጀርመን ባቡር አንድ ነገር ለከተማህ ውሰድ ብባል ፍጥነቱን አልወስድም። ጣቢያው ውስጥ ያሉትን ሰዎች ነው የምወስደው።

ጀርመን በገባሁ ሰሞን ወደ ተመደብኩበት ከተማ ለመሄድ ፍራንክፈርት ዋናው ጣቢያ ላይ ባቡር መቀየር ነበረብኝ። ጣቢያው እ.ኤ.አ. በ1888 የተከፈተ ነው። ከምድር በላይ ብቻ 24 መስመር አለው፤ ከሥር ደግሞ ሌላ አለ። መሽቷል። በእጄ በያዝኩት ወረቀት ላይ የባቡሩ ቁጥርም ሰዓቱም ተጽፏል፤ ሰሌዳው ላይ ግን የኔ ባቡር የለም። በድምፅ ማጉያ የሚለፈፈው አንዱም አይገባኝም። ሻንጣዬን እየጎተትኩ ወዲያ ወዲህ ስል አንዲት በዕድሜ የገፉ ሴት መጡ። ሰማያዊ ሰደርያ ለብሰዋል። ወረቀቱን ተቀብለው አዩና ባቡሩ መሰረዙን በእንግሊዝኛም በምልክትም አስረዱኝ። ከዚያ አንዲት ትንሽ ክፍል ወስደው አስቀመጡኝ። ሻይና ዳቦ ሰጡኝ። ቀጣዩ ባቡር ሲመጣ እስከ በሩ ሸኝተው፣ አጠገቤ ለተቀመጠች ተሳፋሪ የት እንደምወርድ ነገሯት። አምስት ሳንቲም አልተቀበሉኝም።

ስደት ላይ ብዙ ትጠየቃለህ። ከየት መጣህ፣ በየት ገባህ፣ ለምን ወጣህ። እኚህ ሴት የጠየቁኝ ወዴት እንደምሄድ ብቻ ነበር። ያን ቀን በዚያ አገር ሰው መሆኔ የተሰማኝ እዚያች ክፍል ውስጥ ነው።

ባንሆፍስሚሲዮን ይባላሉ። ከ100 በላይ በሆኑ የጀርመን ባቡር ጣቢያዎች ውስጥ አሉ። አብዛኞቹ በነፃ የሚያገለግሉ ሰዎች ናቸው። ታሪካቸውን ያወቅሁት በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1894 በርሊን ላይ ተጀመረ፤ የመሠረተው ዮሐነስ ቡርክሃርት የሚባል ቄስ ነው። በዚያ ዘመን የገጠር ልጃገረዶች ሥራ ፍለጋ በባቡር ወደ በርሊን ይጎርፉ ነበር። ጣቢያው ላይ ደግሞ ሥራ እናገኝላችኋለን፣ ማደሪያ እንሰጣችኋለን እያሉ የሚያታልሏቸው ሰዎች ይጠብቃሉ። እነዚህን ልጆች ቀድሞ የሚቀበል ታማኝ ሰው ያስፈልጋል ብለው ነው የጀመሩት። ናዚዎች እ.ኤ.አ. በ1939 ከለከሉት። ከጦርነቱ በኋላ ጣቢያዎቹ በተፈናቃይና ከምርኮ በሚመለስ ሰው ሲጨናነቁ እንደገና ተነሳ።

ቋንቋው እየገባኝ ሲመጣ እኔም ሰደርያውን ለበስኩ። ከሥራ ነፃ ስሆን እሄዳለሁ። ዓይነ ስውር ተሳፋሪ ከባቡር ወደ ባቡር አሻግሬያለሁ። ጋሪ የያዘች እናት ረድቻለሁ። የሐበሻ ልጅ ግራ ገብቶት ሳይ በአማርኛ ወይም በተሰባበረ ትግርኛ «አይዞህ፣ ወዴት ነህ?» ስለው ፊቱ የሚሆነውን ሁኔታ መግለጽ አልችልም።

ይህን ስል እዚያ ሁሉም ነገር በሰዓቱ ይሄዳል ማለቴ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2024 በጀርመን ከረጅም ርቀት ባቡሮች ሰዓታቸውን የጠበቁት 62.5 በመቶ ብቻ ናቸው። ያውም ስድስት ደቂቃ ያልሞላ መዘግየት እንደ መዘግየት ሳይቆጠር ነው። ጀርመኖች ስለ ባቡራቸው ማማረር ከጀመሩ አያቆሙም። ብሪታንያ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ1999 እስከ 2020 በዓመት ሁለት ጊዜ ተሳፋሪውን ራሱን እየጠየቁ የእርካታ ጥናት ያወጡ ነበር። ተደጋግሞ የወጣው ውጤት ይገርመኛል። ሰውን ከሁሉ በላይ የሚያስደስተው ባቡሩ በሰዓቱ መምጣቱ ነው። ከሁሉ በላይ የሚያናድደው ግን ባቡሩ ሲዘገይ የሚደርስበት አያያዝ ነው። ምን ሆነ? እስከ ስንት ሰዓት እንጠብቅ? ሌላ አማራጭ አለ? የሚመልስ ሰው ሲጠፋ ሰው ይመረዋል።

ይህ ነገር እንደ አዲስ የገባኝ በየካቲት 16፣ የኪዳነ ምሕረት ዕለት ነው። እናቴን ይዤ ዘጌ፣ ዑራ ኪዳነ ምሕረት ለመሄድ ጀልባ ልንሳፈር ወጣን። ከሰዓት በኋላ ጣና ላይ ነፋሱ ስለሚነሳ በጠዋት መሄድ ይሻላል። ጀልባዋ ግን በተባለው ሰዓት አልመጣችም። አንዱ ነዳጅ ነው ይላል፣ ሌላው ሞተሯ ነው ይላል። እናቶች ነጠላቸውን አናታቸው ላይ ጣል አድርገው ፀሐይ ላይ ተቀምጠዋል። አንዲት ነፍሰ ጡር ሽንት ቤት የሚያሳያት ሰው አጥታ ትዞራለች። ትኬት የቆረጠልን ሰው ለሁላችንም አንድ መልስ ነው ያለው፤ «ትመጣለች!»

መጣች። ከመሬት ወደ ጀልባዋ የሚያሻግረው ደግሞ አንድ ጠባብ ጣውላ ነው። እናቴ ጉልበቷን ያማታል። ጣውላውን አየችና ቆመች። «በሞትሁት፣ እኔስ በዚህ አልሻገርም» አለች። እውነቷን ነው። ይህን ጊዜ አንድ ዕቃ የሚሸከም ልጅ ጫማውን አወለቀና ውኃው ውስጥ ገባ። ከጣውላው ጎን ቆሞ «እማማ፣ ትከሻዬን ይያዙ፤ አይዞዎት» አላት። አሻገራት። ከዚያም አልሄደም። ሽማግሌውንም፣ ነፍሰ ጡሯንም፣ ሕፃን ያዘለችውንም አንድ በአንድ አሻገረ። እናቴ ከመቀነቷ ገንዘብ ፈትታ ብትሰጠው «ለኪዳነ ምሕረት ነው፣ ይጸልዩልኝ» ብሎ እንቢ አለ።

እስከ ዘጌ ድረስ ስለሱ ሳስብ ሄድኩ። ይህን ልጅ ማንም አላሰማራውም። በማግስቱ ባይኖርስ? በአውሮፓ ኅብረት አገሮች እንደ እናቴ መራመድ የሚያዳግተው ሰው ከ24 ሰዓት በፊት ካሳወቀ፣ ከጣቢያው በር እስከ ወንበሩ የሚያደርሰው ሰው በነፃ እንዲመደብለት የባቡር ሕጉ ያዛል። ባቡሩ በአንድ ሰዓት ከዘገየ ከትኬቱ ሩብ ያህል ዋጋ ይመለስለታል። ርኅራኄ ከኛ አገር ሰው ጋር ሞልቷል። እዚያ ያለው ልዩነት ርኅራኄውን ወደ መብት መለወጣቸው ነው። እናቴ የሰው ደግነት ሳትጠብቅ መሻገር ነበረባት።

መናኸሪያ ስሄድ ደግሞ የ1894ቷ በርሊን ትታየኛለች። በጠዋቱ አውቶቡስ ከየገጠሩ የሚመጡ ልጃገረዶች አሉ። ፌስታላቸውን ይዘው፣ ስልክ ቁጥር የተጻፈባት ቁራጭ ወረቀት ጨብጠው ይወርዳሉ። ቀድሞ የሚያናግራቸው ማን ነው? ደላላ ነው። ሁሉም ደላላ ክፉ ነው አልልም፤ ግን ልጅቷ መለየት አትችልም። ቀድሞ የሚቀበላት፣ ሰደርያ ለብሶ በግልጽ የሚታይ፣ ማንነቱ የታወቀ ሰው ቢኖር የስንቷ ዕጣ በተለወጠ! ይህ ሐዲድ አይፈልግም። አንዲት ክፍል፣ አግዳሚ ወንበር፣ የሚጠጣ ውኃና ሰልጥነው የሚቆሙ ጥቂት ሰዎች ይበቁታል።

ባህር ዳር ባቡር የላትም። ይመጣል ብዬ ግን ተስፋ አደርጋለሁ፣ በጣም። ሲመጣ ጣቢያው የት እንደሚሠራ ከአሁኑ ብንነጋገር ደስ ይለኛል። አዲስ አበባ ላይ የድሮው ለገሃር ከተማው መሃል ነበር። እ.ኤ.አ. በ2016 የተመረቀው የጅቡቲ መስመር መነሻ ጣቢያ ግን ከከተማው ዳር፣ በለቡ በኩል ነው። ሻንጣና ልጅ ይዞ እዚያ መድረስ ራሱን የቻለ ጉዞ ነው። ሰው ባቡር እንዲወድ ከተፈለገ ጣቢያው በባጃጅና በእግር የሚደረስበት ይሁን። ደረጃው ጎን ተዳፋት ይሠራለት። ጥላ ይኑረው፣ ንጹሕ ሽንት ቤት ይኑረው። ሐይቁ ዳር ያ የሚያምር የእግረኛ መንገድ መሠራቱን ሳይ ይህም ከአቅማችን በላይ እንዳልሆነ ይሰማኛል።

እስከዚያው ግን ወደቡና መናኸሪያው አሉ። ከጀርመን ጓደኞቼ ጋር ተነጋግሬ ለመጀመሪያ ሥልጠና የሚሆን ነገር ለማዘጋጀት አስቤያለሁ። ያንን ልጅም ፈልጌ አግኝቼዋለሁ። ሌሎች ሁለት ጓደኞቹን ይዞ እንደሚመጣ ነግሮኛል። በመናኸሪያም በወደብም የምትሠሩ፣ የምታውቁ፣ ወይም እንዲህ ዓይነት ነገር በሌላ ከተማ ሲሠራ ያያችሁ ጻፉልኝ። ፈቃድ ከየት እንደሚጀመር የምታውቁ በተለይ። እስከ ፋሲካ ባህር ዳር ነኝ።