የካምፒንግ ሃሞክ አሰቃቀልን እንዴት ተማርኩ

የሸናንዶዋ ብሔራዊ ፓርክ ከዋሽንግተን ዲሲ ወደ ምዕራብ በመኪና ሁለት ሰዓት ሳይሞላ የሚደረስበት ተራራማ ደን ነው። ስካይላይን ድራይቭ የተባለው መንገድ በብሉ ሪጅ ተራሮች ጫፍ ላይ 169 ኪሎ ሜትር ያህል እየተጠማዘዘ ፓርኩን ከዳር እስከ ዳር ያቋርጠዋል። ከመንገዱ ወጥቶ ወደ ጫካው የገባ ሰው ወዲያው የሚያስተውለው፣ መሬቱ ተዳፋትና ድንጋያማ መሆኑን፣ ለድንኳን የሚሆን ደልዳላ ቦታ በቀላሉ አለመገኘቱን፣ ዛፉ ግን የተትረፈረፈ መሆኑን ነው። ድንኳኑን ትቼ በሁለት ዛፎች መካከል በሚዘረጋ የጨርቅ አልጋ፣ በሃሞክ፣ ማደርን ለመማር የወሰንኩት በዚህ ምክንያት ነበር።

ሃሞክ ለመግዛት የሚያስብ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚጨነቀው ስለ ጨርቁ ነው፤ ስለ ስፋቱ፣ ስለ ክብደቱና ስለ ጥንካሬው አጥብቆ ይጠይቃል። እኔ ከልምድ የተረዳሁት ግን ሰው ሌሊቱን ሙሉ ተመችቶት መተኛቱን የሚወስነው ጨርቁን ከዛፉ ጋር የሚያገናኘው ማንጠልጠያ መሆኑን ነው። እጅግ ውድ የሆነ ሃሞክ በተሳሳተ ማዕዘን ከተሰቀለ ጀርባን ያጎብጣል፣ ትከሻን ይጨምቃል፤ ርካሹ ደግሞ በትክክል ከተሰቀለ ከአልጋ አይተናነስም። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ የማተኩረው በማንጠልጠያው ላይ ነው።

ለጀማሪ ተፈጥሯዊ የሚመስለው ነገር ጨርቁን አጥብቆ መወጠር ነው፤ የተወጠረ አልጋ ጠፍጣፋ ይሆናል ብሎ ማሰብ ይቀናል። እውነታው ተቃራኒው ነው። በጣም የተወጠረ ሃሞክ ሰው ሲተኛበት ሁለቱ ጎኖቹ ወደ ላይ ተነሥተው ገላን እንደ ከረጢት ይጠቀልላሉ፣ ሲገላበጡም በቀላሉ ይገለብጣል። ከዚህ የሚብሰው ደግሞ በገመዱና በዛፉ ላይ የሚያርፈው ኃይል ነው። 70 ኪሎ ግራም የሚመዝን ሰው ጠፍሩ፣ ማለትም ሃሞኩን ከዛፉ ጋር የሚያስረው ጠፍጣፋ ማሰሪያ፣ ከአግድም መስመር በ30 ዲግሪ ተዳፍቶ ሲሰቀል፣ እያንዳንዱ ጠፍር የሚሸከመው ልክ 70 ኪሎ ያህል ነው። ማዕዘኑ ወደ 15 ዲግሪ ሲወርድ በእያንዳንዱ ወገን ያለው ጫና 135 ኪሎ ይደርሳል፤ በ10 ዲግሪ 200፣ በ5 ዲግሪ ደግሞ 400 ኪሎ ይሆናል። አንድ የሞላ ዘንቢል ለሁለት ይዞ ከገበያ የተመለሰ ሰው ነገሩን በክንዱ ያውቀዋል፤ ሁለቱ ተቀራርበው ሲሄዱ ይቀላቸዋል፣ ተራርቀው መያዣውን ወደየጎናቸው ሲስቡ ግን ያው ዘንቢል እጅ ይገነጥላል። ጠፍሩ በ30 ዲግሪ ተዳፍቶ ይሰቀል የሚለው የተለመደ መመሪያ የመጣው ከዚህ ነው፤ ምቾቱንም ደኅንነቱንም በአንድ ጊዜ ይጠብቃል።

ማዕዘኑን ለመለካት መሣሪያ አያስፈልግም። አውራ ጣትንና ጠቋሚ ጣትን በቀኝ ማዕዘን ዘርግቶ፣ ጠቋሚውን ከመሬት ጋር አግድም አድርጎ፣ ከአውራ ጣት ጫፍ እስከ ጠቋሚ ጣት ጫፍ ያለውን ምናባዊ መስመር ከጠፍሩ ጋር ማስተያየት ይበቃል። ሁለቱ መስመሮች ከተመሳሰሉ ማዕዘኑ ወደ 30 ዲግሪ ይጠጋል። በስልክ የሚሠራ የውሃ ልክም አለ፤ እኔ መጀመሪያ በእርሱ እያረጋገጥኩ ዓይኔን ካለማመድኩ በኋላ ግን ከእጄ ሌላ አልተጠቀምኩም።

ከሁሉ በላይ የጠቀመኝ ግን የሃሞኩን ሁለት ጫፎች ከላይ የሚያገናኘው፣ ርዝመቱ የማይለወጥ ቀጭን ገመድ ነው። የተለመደው ስሌት የዚህ ገመድ ርዝመት ከጨርቁ ርዝመት 83 በመቶ እንዲሆን ያደርገዋል። የእኔ ሃሞክ 335 ሴንቲ ሜትር ስለሆነ ገመዱን በ278 ሴንቲ ሜትር ቆረጥኩት። የዚህ ገመድ ጥቅም፣ ዛፎቹ ቢቀራረቡም ቢራራቁም፣ ጠፍሩ ትንሽ ቢጠብቅም ቢላላም፣ የጨርቁ ርገባ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት እንዲሆን ማድረጉ ነው። ሰው ከተኛ በኋላ ገመዱን በሁለት ጣት ይዞ ማጠፍ መቻል አለበት፤ እንደ ክራር ጅማት ተወጥሮ የሚጮህ ከሆነ ጠፍሮቹ ከሚገባው በላይ ተስበዋል ማለት ነው፣ ላልቶ ከተንጠለጠለ ደግሞ ጠብቀው መሳብ ይኖርባቸዋል። ከተወሰኑ ሙከራዎች በኋላ የእያንዳንዱ ሰው ጀርባ የሚወደው ርዝመት ይለያያልና፣ ገመዱን ሁለት ሦስት ሴንቲ ሜትር ማሳጠር ወይም ማስረዘም ተገቢ ነው።

ጠፍሩ በዛፉ ላይ በምን ያህል ከፍታ ይታሰር የሚለውን ጥያቄ በግምት ከመመለስ ይልቅ በወረቀት ላይ ማስላቱን መረጥኩ። በሃሞክ ላይ ሲቀመጡ መቀመጫው እንደ ወንበር ከመሬት 45 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ቢል ይመቻል። በእኔ ገመድና ጨርቅ መጠን፣ መሐሉ ከሁለቱ ጫፎች 90 ሴንቲ ሜትር ያህል ዝቅ ይላል። ዛፎቹ በ4.5 ሜትር ከተራራቁ ደግሞ ጠፍሩ በ30 ዲግሪ ሲወርድ ሌላ 50 ሴንቲ ሜትር ይጠፋል። ሦስቱ ሲደመሩ ከ185 እስከ 190 ሴንቲ ሜትር ይሆናሉ፤ ይህም የመካከለኛ ቁመት ሰው ክንዱን ሳይንጠራራ የሚደርስበት ከፍታ ነው። ርቀቱ በአንድ ሜትር በጨመረ ቁጥር ማሰሪያውን ወደ 29 ሴንቲ ሜትር ከፍ ማድረግ ያስፈልጋል፤ ስለዚህ በ6 ሜትር የተራራቁ ዛፎች 2.3 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ እንድንደርስ ያስገድዱናል። ከ4 እስከ 5 ሜትር የተራራቁ ዛፎችን የምመርጠው ለዚህ ነው። በተዳፋት ላይ ሲሆን ከፍታው የሚለካው ከየዛፉ ሥር ሳይሆን በሁለቱ ዛፎች መካከል ባለው አግድም መስመር ነው፤ ወደ ታች በኩል ባለው ዛፍ ላይ ጠፍሩ ከራስ በላይ ሊሆን እንደሚችል አስቀድሞ ማወቅ ይበጃል። ከዚህም ሌላ የእግርን ወገን ከራስጌው በ20 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ አድርጌ አስራለሁ፤ የገላ ክብደት የሚበዛው ከወገብ በላይ በመሆኑ፣ ሁለቱ እኩል ከሆኑ ሌሊቱን ቀስ በቀስ ወደ እግርጌ መንሸራተት ይመጣል።

የጠፍሩ ዓይነት ሌላው ቁም ነገር ነው። ቀጭን ገመድ በዛፍ ላይ በቀጥታ ማሰር ቅርፊቱን ይቆርጣል፣ ከቅርፊቱ ስር ምግብ የሚያመላልሰውን ሕያው ሽፋንም ይጎዳል፤ ስለዚህ ስፋቱ ቢያንስ 2.5 ሴንቲ ሜትር የሆነ ጠፍር ግዴታ ነው ብዬ አምናለሁ። ጠፍሩ ከምን እንደተሠራም መጠየቅ ያስፈልጋል። ናይለን ሲከብድበት ይለጠጣል፣ ሲረጥብ ደግሞ ይብስበታል፤ ማታ በወንበር ከፍታ የተሰቀለ ሃሞክ ንጋት ላይ ወደ መሬት ሊጠጋ ይችላል። ፖሊስተር ግን እምብዛም አይለጠጥም፣ ለፀሐይም ከናይለን የተሻለ ይችላል፤ እኔም ሁለቱን በአንድ ሌሊት በግራና በቀኝ አስሬ ካነጻጸርኩ በኋላ ናይለኑን ለሌላ ሥራ አድርጌዋለሁ።

ጠፍሩንና ሃሞኩን ለማገናኘት በርካታ መንገዶች አሉ። ለጀማሪ የሚቀርበው በተከታታይ ቀለበቶች የተሰፋው ጠፍር ነው፤ ካራቢነሩን፣ ማለትም የሚከፈትና የሚዘጋውን የብረት መንጠቆ፣ በተፈለገው ቀለበት ውስጥ ማስገባት ብቻ ነውና ቋጠሮ አይፈልግም። ድክመቱ በቀለበቶቹ መካከል ያለው ርቀት ስለሚወስን ማስተካከሉ ሻካራ መሆኑ ነው። እኔ የረጋሁት በዘለበት ላይ ነው። ጠፍሩ በዛፉ ዙሪያ ይዞርና በጫፉ ላይ በተሰፋው ቀለበት ውስጥ አልፎ ይጠብቃል፤ ነጻው ጫፍ በሃሞኩ ላይ ባለው ዘለበት ውስጥ ገብቶ ይመለሳል፤ ሲሳብ ዘለበቱ ጠፍሩን በራሱ ላይ ይጫነዋል፣ ክብደቱ በበዛ ቁጥርም ይበልጥ ይነክሰዋል። በአንድ ሴንቲ ሜትር ልዩነት ማጥበቅና ማላላት ይቻላል። ከዘለበቱ የሚወጣውን ትርፍ ጫፍ ግን ሳላስር አልተውም፤ በግማሽ አጥፌ ከዘለበቱ ፊት ለፊት ባለው ጠፍር ላይ እንደ ጫማ ማሰሪያ በአንድ ጉተታ የሚፈታ ቋጠሮ አደርግበታለሁ። ጠፍሩ በእርጥበት ቢንሸራተት እንኳ ቋጠሮው ዘለበቱን ይደገፈዋል። ካራቢነር የሚጠቀም ሰው በጎኑ ላይ የተቀረጸውን ቁጥር ያንብብ፤ 12 ኪሎኒውተን የሚል ካለበት 1,200 ኪሎ ያህል ይችላል ማለት ነው። ለቁልፍ መያዣ ተብለው የሚሸጡት፣ ቅርጻቸው አንድ ቢሆንም፣ ሰው አይሸከሙም።

እስካሁን ስለ ማሰሪያው ተናገርኩ፤ ዛፉ ግን ከሁሉ ይቀድማል። ውፍረቱ ከ20 ሴንቲ ሜትር በታች የሆነ ዛፍ አልመርጥም። ሕያው መሆኑን ለማረጋገጥ ቅርፊቱን በእጄ እጫናለሁ፣ ዙሪያውን እዞራለሁ፣ ከዚያም አንገቴን ቀና አድርጌ የደረቀ ቅርንጫፍ መኖር አለመኖሩን አያለሁ፤ በእንቅልፍ ላይ ያለን ሰው ሊገድል የሚችለው ከላይ የሚወድቀው ነውና። በቨርጂኒያ ተራሮች ይህ ጥንቃቄ የተለየ ምክንያት አለው። እ.ኤ.አ. በ2002 በሚሺጋን ግዛት በዲትሮይት አካባቢ የተገኘ ከእስያ የመጣ አረንጓዴ ጥንዚዛ፣ አሽ የተባሉትን ዛፎች በሚሊዮን እየገደለ ተስፋፍቷል፣ ሸናንዶዋንም አላለፈም። የተጠቃው ዛፍ ከሩቅ ቆሞ ጤነኛ ሊመስል ይችላል፤ ቀርበው ሲያዩት ግን በቅርፊቱ ላይ አንድ ጎናቸው ቀጥ ያለ፣ ከሦስት እስከ አራት ሚሊ ሜትር የሚሰፉ የግማሽ ክብ ቀዳዳዎች ይታዩበታል፣ ግንደ ቆርቁር ቅርፊቱን ገሽልጦት ነጣ ያለ ውስጡ ይገለጣል። የሞተ አሽ እንጨቱ ቶሎ ስለሚሰበር እርሱን ብቻ ሳይሆን አጠገቡ ያለውንም ጤነኛ ዛፍ እተወዋለሁ። ኦክና ሜፕል ጥሩ ምርጫ ናቸው። ግንዱ ላይ ጸጉራም ሐረግ የተጣበቀበት ዛፍ ካጋጠመ ደግሞ እጅን መሰብሰብ ያስፈልጋል፤ ፖይዝን አይቪ የተባለው ተክል ቅጠሉ በረገፈበት ክረምት እንኳ ቆዳን የሚያሳክክና የሚያቆስል ቅባት ይዟል፣ ጠፍሩም ያንን ቅባት ተሸክሞ ወደ ቤት ይገባል።

በአገር ቤት ለሚሞክሩ አንባቢዎች አንድ ነገር ልጨምር። በየቦታው የሚገኘው ባሕር ዛፍ ቅርፊቱን በረጅሙ እየላጠ የሚጥል በመሆኑ፣ ጠፍሩ በላላ ቅርፊት ላይ ከታሰረ ክብደት ሲያርፍበት ከቅርፊቱ ጋር ወደ ታች ይንሸራተታል። የላላውን በእጅ አንሥቶ በጠንካራው ግንድ ላይ ሁለት ጊዜ መጠምጠም፣ ቀጫጭኑን ወጣት ባሕር ዛፍም መተው ያስፈልጋል።

ሁሉም ነገር ከታሰረ በኋላ ዘልዬ አልወጣም። መጀመሪያ የጨርቁን መሐል በሁለት እጄ ወደ ታች እጫነዋለሁ፤ ቀጥሎ እግሮቼ መሬት እንደያዙ ቀስ ብዬ እቀመጣለሁ፤ ጠፍሮቹ በቅርፊቱ ላይ ሲጠብቁ ጥቂት ዝቅ ይላሉና ተነሥቼ እንደገና አስተካክላለሁ። ከሃሞኩ ስር ድንጋይ ወይም ጉቶ ካለ ቦታውን እቀይራለሁ፣ ከፍታውንም ከወንበር ከፍታ አላሳልፍም። ስተኛ ደግሞ በመሐል መስመሩ ላይ ሳይሆን ሰያፍ እተኛለሁ፤ ራሴን ወደ አንድ ጎን፣ እግሬን ወደ ሌላው ሳደርግ ጨርቁ ስሬ ይዘረጋና ጀርባዬ ቀጥ ይላል። በጀርባ መታጠፍ ምክንያት ሃሞክን የሚጠሉ ብዙ ሰዎች ይህን ቢሞክሩ ሐሳባቸውን ይለውጣሉ ብዬ አምናለሁ።

ዝናብ ሲመጣ ውሃው በግንዱ ወርዶ ጠፍሩን ተከትሎ ወደ መኝታው ይጓዛል፤ ከላይ ሸራ ቢዘረጋም ይህን አይከለክለውም። መፍትሔው ከሸራው ስር፣ ከዘለበቱ በፊት፣ በጠፍሩ ላይ አጭር የጥጥ ክር አስሮ ወደ ታች ማንጠልጠል ነው፤ ውሃው ክሩን ይዞ ወደ መሬት ይንጠባጠባል። ሸራውን በራሱ ገመድ ከዛፎቹ ጋር አስረዋለሁ እንጂ ከሃሞኩ ጠፍር ጋር አላያይዘውም፤ ሰው ሲገባና ሲወጣ ጠፍሩ ስለሚንቀሳቀስ ሸራው አብሮ ይላላል።

ጠዋት ስፈታ ጠፍሮቹን በእጄ መካከል እያሳለፍኩ የተሰፉበትን ቦታ እመለከታለሁ፤ ክሩ የተበጠሰ፣ ጠርዙ የተፋተገ ወይም በፀሐይ ቀለሙ የለቀቀና የደረቀ ጠፍር ካለ ለጭነት ማሰሪያ ይሁን እንጂ ሰው አይተኛበትም። እርጥብ ከሆኑም ቤት እንደደረስኩ ከቦርሳው አውጥቼ አሰጣቸዋለሁ። ፓርኮች ስለ ሃሞክ ያላቸው ደንብ ስለሚለያይ፣ ወደ አዲስ ቦታ ከመሄዴ በፊት በዛፍ ላይ ማሰር የተፈቀደ መሆኑንና የጠፍሩ ስፋት ስንት መሆን እንዳለበት ጠባቂዎቹን በስልክ እጠይቃለሁ።