የካፋው እፉኝት

ሰው ቦንጋ የሚሄደው ለቡናና ለማር ነው። እኔን የወሰደኝ እባብ ነው። ጓደኞቼ «ጤና የለህም» እያሉኝ ጅማን አልፌ፣ ጎጀብን ተሻግሬ ካፋ ገባሁ።

የፈለግኩት የኢትዮጵያ ተራራ እፉኝት የሚባለውን ነው። ከአገራችን ውጭ የትም የለም። በሳይንስ የተመዘገበውም ገና እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ነው፤ የመዘገበው ጀርመናዊው ቮልፍጋንግ ቦህሜ።

ጫካው ጥቅጥቅ ያለ ነው። ከሥር ቡናና ኮረሪማ፣ ከላይ ግዙፍ ዛፍ፣ ዛፉ ላይ ደግሞ ቀፎ። አስጎብኚዬ የሠፈሩ ልጅ ነው። ድንገት ክንዴን ጨብጦ «ቁም! እዚያ ቅጠሉ ላይ እየው» አለኝ። ምንም አይታየኝም። በዱላው ከሩቅ ሲጠቁመኝ ነው የረገፈ ቅጠል የመሰለኝ ነገር ዓይን ያወጣው።

ፎቶ ላይ እኮ ቀለሙ ይጮሃል! ወደ አረንጓዴ የሚያደላ ገላ፣ ጀርባው ላይ የተደረደረ ጥቁር ምልክት፣ በመሃሉ ደማቅ ቢጫ። መሬት ላይ ግን ጥቁሩ ጥላ ይሆናል፤ ቢጫው በቅጠል መሃል ሾልካ የገባች ፀሐይ። ገላው የት ጀምሮ የት እንደሚያልቅ ግራ ያጋባል። ቅርፊቱ ሻካራ ስለሆነ አያብረቀርቅም። ከሰፊው ጭንቅላቱ ላይ ዓይኑ ትንሽዬ ናት።

እፉኝት እያሳደደ አያድንም። አድፍጦ ይጠብቃል፤ የሚበላው አጠገቡ ሲደርስ ይወረወራል። አለመታየት እንጀራው ነው ማለት ነው። እንቁላል አይጥልም፤ ልጆቹን ይወልዳል። አደጋው ያለው አለመታየቱ ላይ ነው፤ እግር ሲቀርበው ከመሸሽ ይልቅ ባለበት ድርቅ ይላል። መርዙ ደግሞ ቀልድ አያውቅም።

ከስምጥ ሸለቆው ማዶ፣ ባሌ ሐረና ጫካ ውስጥ የቅርብ ዘመድ አለው። እሱ ራሱን የቻለ ዝርያ መሆኑ የተነገረው እ.ኤ.አ. በ2016 ነው። ሁለቱም የሚኖሩት ደጋማ ጫካ ስለሆነ፣ ጫካው ሲመነጠር መሄጃ የላቸውም።

ዞረን አለፍነው። ታች ቡና የሚለቅሙ እናት አገኘንና በዚያ በኩል እንዳይሄዱ ነገርናቸው።

«አልገደላችሁትም?»

«ኧረ እማማ፣ ምን አደረገን?» አላቸው ልጁ።

እማማ አልተዋጠላቸውም። ቅርጫታቸውን አንስተው፣ እያጉረመረሙ በሌላው በኩል ወረዱ።