ከሽርሽር ቀዘፋ ወደ ረጅም ውድድር፦ የሰባት ወር ማስታወሻዬ

ታንኳ መቅዘፍ የጀመርኩት ለማየት ነው። ገደሉን፣ ዛፉን፣ ከውሃው ዳር ብድግ ብሎ የሚበረውን ወፍ። ሦስት ዓመት ሙሉ ከጓደኛዬ ጋር ቅዳሜ ጠዋት ወንዝ ላይ እንገባለን፤ ደስ ያለን ቦታ እንቆማለን፤ ሲመሽ እንወጣለን። ተቻኩለን አናውቅም። ስለዚህ ጓደኛዬ «አንድ ረጅም ውድድር ለምን አንሞክርም?» ሲለኝ ደስ አላለኝም። ሰዓት እያየሁ ከቀዘፍኩ ወንዙን የማጣው መሰለኝ።

ይኸው ሰባተኛ ወራችን ነው። እንደኔ ከሽርሽር ተነስቶ ረጅም ርቀት የሚያምረው ሰው ካለ ይጠቅመው ይሆናል ብዬ የያዝኩትን ማስታወሻ ላካፍል።

መጀመሪያ ያደረግነው ስለ ውድድሮቹ ማንበብ ነበር። እያንዳንዱ የራሱ ፈተና አለው። ካናዳ ውስጥ ከኋይትሆርስ እስከ ዶውሰን ሲቲ የሚደረገው ዩኮን ሪቨር ክዌስት 715 ኪሎ ሜትር ነው፤ የሚካሄደውም ሌሊቱ በቅጡ በማይጨልምበት ወቅት ነው። ቴክሳስ ዋተር ሳፋሪ 418 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን በ100 ሰዓት ውስጥ መጨረስ ግዴታ ነው። እንግሊዝ ውስጥ ከዲቫይዚስ እስከ ዌስትሚኒስተር ያለው 201 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው። ግን 77 ቦታ ላይ ከውሃ ወጥቶ ጀልባውን ተሸክሞ ማለፍ አለ። ይህን ካነበብን በኋላ ልምምዳችን ላይ ታንኳ ተሸክሞ መሮጥም ጨመርን። እኛ የመረጥነው አነስ ያለ ነው። 110 ኪሎ ሜትር፣ በአንድ ቀን፣ ገና ሳይነጋ የሚጀመር።

የመጀመሪያዎቹ ስድስት ሳምንታት አቀዛዘፋችንን ለማስተካከል አለቁ። እኔ ለዓመታት የቀዘፍኩት በክንዴ ነበር። ክንድ ደግሞ ቶሎ ይደክማል። ጉልበቱ የሚመጣው ከወገብና ከጀርባ ነው። ትከሻህን ወደ ፊት አዙረህ መቅዘፊያውን ውሃ ውስጥ ሙሉ በሙሉ ትከታለህ፤ ከዚያ ሰውነትህን እየመለስክ ትስባለህ፤ ዳሌህ ጋ ሲደርስ ታወጣዋለህ። ከዳሌ ካለፈ መቅዘፊያው ውሃውን ወደ ላይ ያነሳል እንጂ ታንኳዋን አይገፋም። አንገቱ ጎበጥ ያለው መቅዘፊያ የተሠራውም ለዚሁ ነው። አሜሪካዊው የታንኳ ንድፍ ባለሙያ ጂን ጀንሰን በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ያስተዋወቀው ነው። 10 ወይም 12 ዲግሪ ያህል ስለሚጎብጥ፣ ስትስበው ቅጠሉ (ውሃ ውስጥ የሚገባው ሰፊው ጫፍ) ውሃው ውስጥ ረዘም ላለ ጊዜ ቀጥ ብሎ ይቆያል። የኔን ስይዘው መጀመሪያ የተገለበጠ መስሎኝ ነበር። ሁለት ሳምንት ከለመድኩት በኋላ ወደ ቀጥታው መመለስ አልቻልኩም።

ሌላው ለውጥ ጎን መቀያየር ነው። ድሮ ከኋላ የተቀመጥኩት እኔ በእያንዳንዱ ቀዘፋ መጨረሻ መቅዘፊያዬን ጠምዘዝ እያደረግኩ አቅጣጫ አስተካክል ነበር። አሁን ሁለታችንም እኩል እንስባለን። ከስምንት ወይም ከአሥር ቀዘፋ በኋላ «ቀይር!» እላለሁ፤ ሁለታችንም ወደ ሌላው ጎን እናዞራለን። ታንኳዋ ትንሽ እየተወዛወዘች ትሄዳለች፣ ግን አትቆምም።

በሦስተኛው ወር የቀኝ እጄ አንጓ አበጠ። በደቂቃ 60 ጊዜ ከቀዘፍክ በሰዓት 3,600 ነው። በሰባት ሰዓት ከ25 ሺህ ያልፋል። መቅዘፊያውን በጣም አጥብቄ ነበር የምይዘው። ያቺ ትንሽ ስህተት 25 ሺህ ጊዜ ተደጋገመች። አሥር ቀን አረፍኩ። ስመለስ የታችኛውን እጄን ጣቶች እንደ መንጠቆ ብቻ መጠቀም ለመድኩ፤ ወደ ፊት ስመልሰው ደግሞ ጣቶቼን ዘና አደርጋለሁ። እብጠቱ አልተመለሰም።

አሁን ወደምወደው ክፍል ልምጣ።

አንድ ቀን ሰፊና ጸጥ ያለ ቦታ ላይ እየቀዘፍን ታንኳዋ ከኋላ የያዛት ሰው ያለ ይመስል ከበደች። ጉልበት ጨመርን። ምንም። የኋላዋ ወደ ታች ዘቀጠ፤ ከኋላችን ትልቅ ማዕበል ተነሳ። ችግሩ ከእኛ ሳይሆን ከጥልቀቱ ነበር። ታንኳ ስትሄድ ማዕበል ትፈጥራለች። ያ ማዕበል ደግሞ ጥልቀት በሌለው ውሃ ላይ ከተወሰነ ፍጥነት በላይ መሄድ አይችልም። 40 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ላይ ወሰኑ በሰዓት 7 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አንድ ሜትር ላይ ወደ 11 ከፍ ይላል። ወደዚያ ወሰን ስትጠጋ ታንኳዋ የራሷን ማዕበል ለመውጣት እንደምትታገል ትሆናለች። ጉልበትህ በሙሉ እዚያ ይቀልጣል።

ስለዚህ ጥልቁን ውሃ መፈለግ ጀመርን። ጥልቁን ለማግኘት ዳርቻውን ማየት ያስፈልጋል። ወንዙ ሲታጠፍ ውሃው በውጭው በኩል ይፈጥናል፤ አፈሩን ይቆፍራል፤ በውስጠኛው በኩል ቀስ ስለሚል አሸዋውን እዚያ ያራግፋል። ድሮ ለውበቱ ቆሜ የማየው ገደል ትዝ አለኝ። ከሥሩ ያለው ውሃ ለምን ጥቁር እንደሆነ ጠይቄ አላውቅም ነበር። ለካ ገደሉን የቆረጠው ያው ውሃ ነው። አሁን ሥሩ የተጋለጠ ዛፍ ሳይ፣ የአሸዋ ምላስ ሳይ፣ ውሃው ላይ ጫፉ ወንዙ ወደሚወርድበት ያመለከተ የ«ቪ» (V) ቅርጽ ሳይ፣ ወዴት መሄድ እንዳለብኝ አውቃለሁ። ጫፉ ወደ ላይ፣ ወደ እኛ ከሆነ ደግሞ ከሥሩ ድንጋይ አለ ማለት ነው። ወንዙን አጣዋለሁ ብዬ ፈርቼ ነበር። እንዲህ ቀርቤ አይቼው ግን አላውቅም።

እዚህ ጋ አንድ ነገር በደንብ አስምሩበት። ፈጣኑ የውጭ ኩርባ የወደቁ ዛፎች የሚከማቹበትም ነው። ውሃው በቅርንጫፎቹ መሃል ያልፋል፤ ሰው ግን አያልፍም። እዚያ የተጠመደ ሰው በውሃው ግፊት ተይዞ ይቀራል። ዛፍ ካየን ከሩቁ ወደ ውስጠኛው ኩርባ እንጠጋለን፤ የምናጣው ጥቂት ሰከንድ ነው። ወንዙን አቋርጦ የተሠራ ዝቅተኛ ግድብ ሲኖር ደግሞ ሁልጊዜ ወጥተን ተሸክመን እናልፋለን። ከግድቡ በታች ያለው ውሃ ወደ ኋላ እየተገለበጠ የወደቀበትን ሁሉ ይዞ ያስቀራል። ላይፍ ጃኬት ከመጀመሪያው ደቂቃ እስከ መጨረሻው አይወልቅም፤ ሙቀት ቢሆንም።

በአምስተኛው ወር የመጀመሪያውን 60 ኪሎ ሜትር ሞከርን። 8 ሰዓት ከ50 ደቂቃ ፈጀብን። ተስፋ ቆረጥን። ማታ የጂፒኤሱን መዝገብ ስናየው 1 ሰዓት ከ35 ደቂቃ ሙሉ አልቀዘፍንም። ውሃ ለመጠጣት፣ ምግብ ከከረጢት ለመፈለግ፣ እግር ለመዘርጋት፣ ክሬም ለመቀባት። ከስድስት ሳምንት በኋላ ያንኑ መንገድ በ7 ሰዓት ከ35 ደቂቃ ጨረስን። የቆምነው 22 ደቂቃ ብቻ ነው። ካተረፍነው 75 ደቂቃ ውስጥ 73ቱ ካለመቆም፣ ሁለቱ ከመፍጠን የመጡ ናቸው! ይህን ስሌት ሦስቴ ደግሜ አይቼዋለሁ።

ምን ለወጥን? ውሃው አሁን በቱቦ ነው፤ ቱቦው ደረቴ ላይ ታስሯል፤ እጄን ሳልጠቀም እጠጣለሁ። ምግቡ አስቀድሞ ተቆርጦ እግሬ ሥር ክፍት ዕቃ ውስጥ ነው፦ ቴምር፣ ጨው ያለው የተቀቀለ ድንች፣ ሙዝ። በየ20 ደቂቃው ትንሽ ትንሽ እንበላለን፤ አንዳችን ስንበላ ሌላው አያቆምም። በሰዓት 60 ግራም ያህል ካርቦሃይድሬት እንዲገባ እንሞክራለን። ራበኝ እስክትል ከጠበቅክ ረፍዷል። ቀኑን ሙሉ ውሃ ብቻ መጠጣትም ልክ አይደለም፤ በላብ የወጣው ጨው መተካት አለበት። ቫዝሊን የምንቀባው ከመነሳታችን በፊት ነው፦ ብብት፣ ታፋ፣ መቀመጫ።

ስለ ጂም ብዙ የምለው የለም። በሳምንት ሁለቴ የጀርባና የሆድ ስፖርት እንሠራለን። ዋናው ሥራ ውሃው ላይ ነው።

ባለፈው ሳምንት ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ተነሳን፤ ውድድሩ በጨለማ ስለሚጀመር። ቀን አሥር ጊዜ ያለፍንበት መንገድ ነው። የግንባር መብራታችን ጉሙ ላይ እየተንጸባረቀ ነጭ ግድግዳ ብቻ ሆነብን። አጠፋነው። ዓይናችን ከጨለማው ጋር እስኪለምድ ዝም ብለን ተንሳፈፍን። ከዚያ የዛፎቹ ጫፍ ከሰማዩ ተለይቶ ታየ፤ የወንዙን መታጠፊያ በእሱ አወቅነው። ፊት ለፊት ውሃው ድንጋይ ላይ ሲንሿሿ ሰማን። ጓደኛዬ በቀስታ «በግራ በኩል ዝም ያለ አለ» አለኝ። በግራ ገባን፤ ከሥራችን ምንም ሳይነካን አለፍን።

ውድድሩ ሊደርስ አምስት ሳምንት ቀርቶታል። ከዚያ በፊት አንድ 90 ኪሎ ሜትር አለን፤ የመጨረሻዎቹን አሥር ቀናት ደግሞ ቀለል እናደርጋለን። ያልተፈታልኝ አንድ ነገር አለ። ከአራት ሰዓት በኋላ የግራ እጄ የቀለበት ጣትና ትንሿ ጣት ይደነዝዛሉ። ጓንት ሞክሬያለሁ፤ የመቅዘፊያውን እጀታ አወፍሬያለሁ፤ ትንሽ ቀነሰልኝ እንጂ አልተወኝም። እናንተ ላይ ደርሶ መፍትሔ ያገኘ ካለ ንገሩኝ።