ጎንደርን በእግር፦ ምን የት ቢቀመጥ ነው ከተማ የሚሞቀው?

ጎንደር የገባሁት በአዘዞ በኩል ነው። አውሮፕላን ማረፊያው ያለው በዚያ ነው፣ ከፒያሳ ከ10 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። ሚኒባሱ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠች ወጣት ለአንዲት ማህተም መሀል ከተማ ድረስ እየሄደች ነበር። ግማሽ ቀኗ ሄደ ማለት ነው፣ የትራንስፖርቱ ሳይቆጠር። ቤቱ በመንገዱ ግራና ቀኝ እየተገጠገጠ ነው፣ አገልግሎቱ ግን አብሮ አልወጣም። ስለ ከተማ ፕላን ሲነሳ የምንጨቃጨቀው ስለ መንገድ ስፋትና ስለ ፎቅ ብዛት ነው። እኔን የሚያንገበግበኝ ምን የት ተቀመጠ የሚለው ነው።

ፒያሳ ሌላ ዓለም ነው። ሰፈሩን የሠራው ጣሊያን ነው፣ ጎንደርን ይዞ በቆየበት ከ1928 እስከ 1934 ዓ.ም. ድረስ፤ ፖስታ ቤቱና ሲኒማ ቤቱ የዚያን ዘመን ናቸው። የከተማዋን ፕላን ያወጣው ጌራርዶ ቦሲዮ የሚባል አርክቴክት ነበር፣ ዓላማውም ጣሊያኑን ለብቻ፣ ሐበሻውን ለብቻ ማስፈር። ያ ክፉ ሐሳብ ከባለቤቶቹ ጋር ሄደ፣ ሰፈሩን ደግሞ ሰው ገብቶ እንደሚመቸው አደረገው። አንድ በረንዳ ላይ ልብስ ሰፊው ሲንጀሩን በር ላይ አውጥቶ የተማሪ ዩኒፎርም ያሳጥራል። ከጎኑ ሊስትሮ፣ ቀጥሎ ካፌ፣ ፎቁ ላይ ቢሮ። የልጁ እናት ዩኒፎርሙ እስኪያልቅ ቡናዋን ጠጣች፣ ካርድ ሞላች፣ ጫማዋን አስጠረገች፤ ሁሉንም ያደረገችው ከዚያች በረንዳ ሳትርቅ ነው። ጠዋት የቢሮ ሰው፣ ቀን ጎብኚ፣ ወደ ማታ ማኪያቶ ፈላጊ ይመጣል። አንዱ ሲሄድ ሌላው ስለሚተካ መንገዱ ባዶ አይሆንም፣ ሰው ባለበት መንገድ ደግሞ ሴት ልጅ ብቻዋን ስትሄድ አትፈራም።

ከዚያ ፋሲል ግቢ በእግር ጥቂት ደቂቃ ነው። አፄ ፋሲለደስ ከተማዋን በ1628 ዓ.ም. ከቆረቆሯት በኋላ፣ ከአጥሩ ውጭ ጃንተከል በሚባለው አደባባይ ላይ አዋጁም፣ ፍርዱም፣ ገበያውም አንድ ላይ ነበር። አስቡት፣ ቤተ መንግሥት አጥር ሥር ገበያ! ግን ያኔም ሁሉ ደህና አልነበረም። በአፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ዘመን ሙስሊሞች ተለይተው ቀሐ ወንዝ አጠገብ እንዲሰፍሩ ተወስኗል። መለያየት በጣሊያን አልተጀመረም፣ ይህንን ማመን አለብን።

በማግስቱ አንድ ኮንዶሚኒየም ጋ ሄድኩ። ግራውንዱ ላይ ሱቅ አለ፣ ሐሳቡ ትክክል ነው። ችግሩ እንዲህ ያለ ሱቅ የሚሸጠው በጨረታ ነው፣ የሚያሸንፈውም ባለ ብር ነው። ሽንኩርት የምትሸጥ ሴት የት ትግባ? በሩ ላይ ማዳበሪያ አንጥፈው፣ ቲማቲሙን በመደብ በመደብ ደርድረው የተቀመጡ እናት አገኘሁ።

«እማማ፣ እዚህ ሲቀመጡ ዝም ይሉዎታል?»

«አይ ልጄ፣ ደንቦች ሲመጡ አንስቼ እሮጣለሁ፣ ሲሄዱ እመለሳለሁ። ገዢዬ እዚህ ነው፣ የት እሄዳለሁ?»

እያወራን አንዲት ልጅ በነጠላ ጫማ ከፎቅ ወርዳ ሽንኩርት ገዝታ እየሮጠች ተመለሰች፤ ወጡ እሳት ላይ ነዋ። ይቺን ልጅ ታክሲ ይዘሽ ገበያ ሂጂ ልንላት ነው?

በፕላን ካርታ ላይ መኖሪያውን ቢጫ፣ ንግዱን ቀይ ቀብቶ ማለያየት ከአውሮፓ የመጣ ነው። ዘመናዊ አርክቴክቶቹ በ1933 እ.ኤ.አ. ተሰብስበው ከተማን በመኖሪያ፣ በሥራ፣ በመዝናኛና በመጓጓዣ ከፋፈሉት። ዛሬ ፓሪስ ራሷ ተመልሳ፣ ሰው የሚያስፈልገውን ሁሉ በ15 ደቂቃ ውስጥ ያግኝ እያለች ነው።

የአካባቢ ልማት ፕላን የምትሠሩ ባለሙያዎች፣ እባካችሁ ቅይጥ አገልግሎት፣ ማለትም መኖሪያውም ንግዱም አንድ ላይ፣ ብላችሁ ስትጽፉ ጉሊቱንም ካርታው ላይ አስገቡት። ጥላ ያለው፣ ውሃ የማይተኛበት ጥግ ይበቃል። የግራውንዱም ሱቅ ሁሉ ጨረታ አይውጣ፣ ጥቂቱ በአነስተኛ ኪራይ ለነዚህ ሴቶች ይቅር።