«ቁርጥ እናቷን!»

ልጃችንን ይዘን ከአዲስ አበባ ወደ ሜሪላንድ በተመለስንበት በ2008 ዓ.ም. ግንቦት፣ መንገድ ላይ ያገኘን ሰው ሁሉ የሚነግረን አንድ ነገር ነበር። ቦሌ ላይ ሻንጣችንን የመዘነችው ሠራተኛ «ቁርጥ እናቷን!» አለች። ከኋላችን የተሰለፉ አዛውንት «የለም፣ ዓይኗ የአባቷ ነው» ብለው ተከራከሯት። የአውሮፕላን አስተናጋጇም ቀበቶ ስታስርላት ያንኑ ደገመችው። ማንም ክፉ አላሰበም፤ እኔም ፈገግ ብዬ አመሰገንኩ። መልካችን መቀራረቡ እውነት ነው።

ይህ መመሳሰል ግን አንድ ትልቅ ነገር ይሸፍናል፤ ልጃችን በጉዲፈቻ የመጣችልን ናት፤ ለመጻፍ የተነሣሁትም ስለዚያ ነው። ነጭ ባልና ሚስት ሐበሻ ሕፃን አቅፈው ሲያልፉ ያየ ሰው፣ ልጁ ከአንድ ቤት ወጥቶ ወደ ሌላ ቤት እየሄደ መሆኑ ሳይነገረው ይገባዋል። እኛን ያየ ግን ዘመድ ጠይቆ የሚመለስ ቤተሰብ ነው ያየው። የአራት ዓመት ልጅ በዚያች ሌሊት ያሳደገቻትን አያቷን፣ የምታውቀውን ቋንቋ፣ የለመደችውን ምግብና ደጅ ትታ እየሄደች መሆኗን ማንም አላየላትም።

ስሟንና የተወለደችበትን ቀበሌ አልጽፍም። ታሪኩ ከእኔ ይልቅ የእሷ ነው፤ ይህንንም ጽሑፍ አንብባ የፈቀደችው እሷ ናት። ወላይታ ውስጥ ተወለደች። እናቷ ስትሞት የእናቷ እናት ወሰዷት፤ እሳቸውም ጤና ሲያጡና አቅም ሲያንሳቸው አዲስ አበባ ወደሚገኝ የሕፃናት ማሳደጊያ ገባች። እኔና ባለቤቴ ልጅ ሳንወልድ የኖርንባቸውን ዓመታት እዚህ አላነሣም።

ሁለታችንም አዲስ አበባ ተወልደን ያደግን ብንሆንም፣ የአሜሪካ ዜግነት ስለያዝን በሕግ ፊት የውጭ አገር ሰዎች ነበርን። ስለዚህ እንደማንኛውም አሜሪካዊ አሳዳጊ ቤታችን ተጠና፣ አሻራ ሰጠን፣ የገቢ ማስረጃና የፖሊስ ወረቀት አቀረብን፣ ልደታ ፍርድ ቤትም ሁለታችን በአካል ቆምን። ዳኛዋ ከጠየቁን ሁሉ አንዱ እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም። «ስለ ትውልድ ቤተሰቧ ትነግሯታላችሁ?» አሉ። «እንነግራታለን» አልን። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግም የጉዲፈቻ ልጅ ከተወለደበት ቤተሰብ ጋር ያለው ግንኙነት እንደማይቋረጥ ይደነግጋል፤ ከሁለቱ መምረጥ ግድ ሲሆን ብቻ ነው የጉዲፈቻው ቤተሰብ የሚቀድመው። ይህን ድንጋጌ ብዙ ሰው አያውቀውም። ጉዲፈቻ ሲባል የፊተኛው ተፍቆ በቦታው ሌላ የሚጻፍ የሚመስለን እንበዛለን።

ከውሳኔው በኋላ ፓስፖርቷ ወጣ። የራሷ ስም በቦታው አለ፤ በአባት ስም ቦታ የባለቤቴ ስም ገብቷል። እሱ በደስታ ደጋግሞ አነበበው። እኔ ግን ከዚያ ቦታ ስለወጣው ስም አሰብኩ፤ የእኛ ሰው ዘሩን የሚቆጥረው በዚያ ነውና። የወላጅ አባቷን ስም እስከ አያት ድረስ ከመዝገቡ ገልብጬ በማስታወሻዬ ያዝኩ።

የአሜሪካ ኤምባሲ ደግሞ ከሐኪም ምርመራው በኋላ ቪዛዋንና አንድ የታሸገ ፖስታ ሰጠን። ማስጠንቀቂያው ጥብቅ ነው፤ እንዳትከፍቱት፣ ከሻንጣ ጋር እንዳታስረክቡት፣ በእጃችሁ ይዛችሁ ለመግቢያው መኮንን ስጡት። የፍርድ ቤት ውሳኔው፣ የልደት ምስክር ወረቀቱ፣ ወደ ማሳደጊያው እንዴት እንደገባች የሚናገረው ሰነድ ሁሉ እዚያ ውስጥ ነበር። ከኤምባሲው ስንወጣ እኔ ልጅቷን አቅፌ ነበር፣ ባለቤቴ ፖስታውን።

ከመብረራችን በፊት ወላይታ ሶዶ ወርደን አያቷን ተሰናበትን። አያት ብዙ አልተናገሩም። በአስተርጓሚ ስለ አሜሪካ የጠየቁን ነገር ቢኖር ብርዱን ነው። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው «ጸጉሯን ማን ይሠራታል?» አሉ። «እኔ እሠራታለሁ» አልኳቸው። እጄን ያዝ አድርገው ጣቶቼን አገላብጠው አዩዋቸው፤ መልሰውም ለቀቁኝ። ሌላ አልጠየቁም። እስከ መኪናው ድረስ ሸኙን፤ ልጅቷም እጃቸውን ይዛ መጥታ ያለ አንዳች ለቅሶ ገብታ ተቀመጠች። አለማልቀሷ ሁላችንንም ገርሞን ነበር።

በእንግዳ ማረፊያው በሰነበትንባቸው ቀናትም ድምፅዋ አይሰማም። ከማሳደጊያው የለቀመቻትን ጥቂት አማርኛ ትጠቀማለች፤ ውኃ፣ በቃኝ፣ እሺ። ያያት ሁሉ «እንዴት ያለች ጨዋ ልጅ» ይላል። እኔ ግን ዝምታዋ ያስፈራኝ ነበር።

አውሮፕላኑ በሌሊት ተነሣ። እራት ሲመጣ ዳቦዋን በሹራቧ እጅጌ ውስጥ ከተተች፤ የእኔንም ስሰጣት እሱንም ጨመረችው። ማሳደጊያ ያደጉ ልጆች ምግብ እንደሚደብቁ ቀደም ብለው አስረድተውን ስለነበር አልነካናትም። መጸዳጃ ቤት ይዣት ስገባ ግን ውኃው ሲመጠጥ በሚያሰማው ድምፅ ደንግጣ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች፤ ወንበራችን ላይ ከተመለስን በኋላም እጇን አላላቀቀችም። ከዚያ ለብቻዋ ማጉረምረም ጀመረች።

ከመተላለፊያው ማዶ ጋቢ የለበሱ እናት ተቀምጠው ነበር። ልጃቸው ቨርጂኒያ ወልዳ አራስ ሊጠይቁ ነው የሚሄዱት። ጆሯቸውን ሰጥተው ካዳመጡ በኋላ «ይቺ ልጅ የምታወራው ወላይትኛ ነው» አሉኝ፤ የሶዶ ሰው ናቸው። ጎንበስ ብለው አንድ ነገር ጠየቋት። ልጅቷ ቀና አለች። ከዚያ በፊት ሰምቼው በማላውቀው ፍጥነት፣ ሳታቋርጥ፣ እጇን እያወናጨፈች ተናገረች። አራት ዓመት ሙሉ ስታወራ የኖረች ልጅ መሆኗን ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው።

ሴትየዋ ግን ፊታቸው ተለወጠ። «ምን አለች?» አልኳቸው።

«አያቴ የት ወንበር ላይ ናት? ነው የምትለኝ።»

አያቷ በሌላ መኪና ተከትለውን አዲስ አበባ እንደገቡ፣ አሁንም ከኋላ አንዱ ወንበር ላይ እንደተቀመጡ ታምን ነበር። ዳቦውን የያዘችውም ለእሳቸው ነው።

«ምን ልበላት?» አሉኝ ቀስ ብለው። «ተኝታለች ልበላት? እስክትደርሱ ድረስ ነው። ልጅ አይደለች፣ ትረሳዋለች።»

ባለቤቴን አየሁት። ልደታ ላይ ያልነውን ሁለታችንም አስታወስን። እውነቱን እንዲነግሯት ለመንናቸው፤ አያቷ ሶዶ እንደቀሩ፣ በሕይወት እንዳሉ፣ እኛ ወደ ሩቅ አገር እንደምንሄድና እዚያ አብራን እንደምትኖር፣ በስልክ እንደምናገናኛት፣ ይህ የሆነው እሷ አጥፍታ እንዳልሆነ። የመጨረሻውን ደጋግመው እንዲሉላት ጠየቅኋቸው። እሳቸው ራሳቸው እንባ እየተናነቃቸው ነገሯት።

አለቀሰች። ሶዶ ላይ ያልወጣው፣ ማረፊያው ውስጥ ያልወጣው ሁሉ አንድ ላይ ወጣ። ባለቤቴ ተነሥቶ አቅፏት በመተላለፊያው ይመላለስ ጀመር። ከተሳፋሪው አንዱ ከረሜላ አቀበለን፤ ሌላው «አሜሪካ እየሄድሽ ታለቅሻለሽ? ዕድለኛ እኮ ነሽ!» አላት። አንዲት ሴት «ምነው ዝም ብታሰኟት» አሉ። ይህን ጊዜ የሶዶዋ እናት ከወንበራቸው ብድግ ብለው፣ ሁሉም እንዲሰማ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው «ተዉአት! ለቅሶ ላይ ናት» አሉ።

ከዚያ በኋላ ከረሜላ የሰጠ፣ ዝም አሰኙ ያለ የለም። አገራችን ለቅሶን ያውቃል። ሐዘንተኛ ዕድለኛ ነህ አይባልም፤ አጠገቡ ይቀመጡለታል እንጂ። ስለ ጉዲፈቻ በእንግሊዝኛ ካነበብኳቸው መጻሕፍትና ከወሰድናቸው ሥልጠናዎች ሁሉ በላይ የሠራልኝ ያ የሴትየዋ ቃል ነው። በዚያ ሌሊት ልናባብላት መሞከራችንን ትተን አብረናት ተቀመጥን።

አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስላለች አውሮፕላን ለሩቅ ጉዞ የሚበቃውን ነዳጅ ሁሉ ጭኖ ከዚያ መነሣት ይከብደዋል፤ በዚያን ዘመን ወደ ዋሽንግተን የሚሄደው በረራ ደብሊን ላይ እያረፈ ነዳጅ ይሞላ ነበር። ተሳፋሪ አይወርድም። ልጅቷ መሬት ስታይ እዚሁ እንውረድ አለች፤ ገና ነው ሲሏት ወላይትኛውንም ተወችው፤ ሴትየዋ ጭን ላይ እንቅልፍ ወሰዳት።

ዋሽንግተን ደለስ አውሮፕላን ማረፊያ ስንደርስ ወደ ጎን ክፍል ወሰዱን። መኮንኑ ፖስታውን ቀደደ፣ ወረቀቶቹን አገላበጠ፣ ፓስፖርቷን ማኅተም መታበት። በ2000 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በወጣው የአሜሪካ ሕግ መሠረት፣ ውጭ አገር በፍርድ ቤት ጉዲፈቻዋ ተጠናቆ ከአሜሪካዊ ወላጆቿ ጋር የምትገባ ልጅ የምትኖርበትን አገር ዜግነት የምታገኘው በዚያው ቅጽበት ነው። እኛ ለዚያ ዜግነት ዓመታት ጠብቀናል፣ ተፈትነናል፣ እጃችንን አንሥተን ምለናል። እሷ የባለቤቴ ትከሻ ላይ ተኝታ ነበር፤ ዳቦው ከእጅጌዋ አልወጣም።

ሲልቨር ስፕሪንግ ቤታችን ስንደርስ ደግሞ የማኅበራችን እናቶች ቀድመውን ደርሰዋል። ማኅበራዊ ሠራተኛዋ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ቤታችሁ ሰው አይብዛ፣ የምታቅፏትና የምታበሏት እናንተ ብቻ ሁኑ ብላ መክራን ነበር፤ ልጅ ወላጁን ከሌላው ሰው ለይቶ እንዲያውቅ ነው። ይህን ለአበሻ ማስረዳት ቀላል አይደለም። በሩን ስከፍት «እንኳን ማርያም ማረችሽ!» ብለው ተቀበሉኝ፤ ገንፎ አገንፍተዋል። አልወለድኩም፤ ግን እንደ አራስ አስቀመጡኝ፣ እግሬ ሥር ሙቅ ውኃ አቀረቡልኝ። አለቀስኩ። ነገሩን ስነግራቸው አልተቀየሙም፤ ሳህኑን ለእኔ ትተው፣ ልጅቷን ከሩቅ መርቀው፣ ተራ በተራ ወጡ። ልጅቷ በቅቤ ከተነከረው ገንፎ በጣቷ ቆርሳ በላች፤ ከአገሯ ከወጣች ወዲህ በፍላጎት ስትበላ ያየኋት ያን ጊዜ ነው።

ከረመ። አንድ ቀን የምንወዳቸው አንዲት የባለቤቴ አክስት ስልክ ደውለው «ስሚኝ ልጄ» አሉኝ፤ «መልኳ እናንተኑ ነው። ማንም አያውቅባችሁም። ያንን ሁሉ ከምታነሡባት ዝም ብላችሁ አሳድጓት፣ ትረሳዋለች።» ከፍቅር የመጣ ምክር ነው፤ አገር ቤትም ብዙ ቤተሰብ የሚያደርገው ይህንኑ ነው። እኔ ግን አልቀበለውም። ልጅ አይረሳም፤ የሚያወራው ሰው ሲያጣ ዝም ይላል እንጂ። ያደገ ሰው ሠላሳ ዓመት ሞልቶት በለቅሶ ቤት ወይም በውርስ ክርክር መካከል ከጎረቤት አፍ ሲሰማው የሚደርስበትን አይቻለሁ። የሚጎዳው ጉዲፈቻ መሆኑ ሳይሆን፣ ሁሉም ያውቅ እንደነበረና ለእሱ ብቻ እንዳልተነገረው ማወቁ ነው።

ከእኛ በኋላ በሩ ተዘጋ። በጥር 2010 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ሕጉን አሻሽሎ የውጭ ጉዲፈቻን ከለከለ። እስከዚያ ድረስ ወደ አሜሪካ ብቻ ከ15 ሺህ በላይ የኢትዮጵያ ልጆች ሄደዋል። ክልከላው ያለ ምክንያት አልመጣም። በ2011 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር አንዲት ኢትዮጵያዊት ልጅ በአሳዳጊዎቿ በደል ሞታለች፤ ልጁ ተምሮ ይመለሳል ተብለው የፈረሙ ወላጆችም ነበሩ። ስለዚህ በሕጉ አልከፋም። የሚያሳስበኝ አሁንም እየሆነ ያለው ነው። አገር ውስጥ ጉዲፈቻ የሚወስዱ ቤተሰቦች አሉ፤ እዚህም የሞተ ወንድማቸውን ወይም እህታቸውን ልጅ የሚያመጡ ብዙዎች ናቸው። እነዚህም ልጆች አሳዳጊያቸውን ይመስላሉ፤ እነሱንም ኤርፖርት ላይ አበባ ይዘን «ዕድለኛ» እያልን ነው የምንቀበላቸው። ከመሳፈራቸው በፊት ልጁ በሚሰማው ቋንቋ የት እንደሚሄድና ማን እንደሚቀር የሚነግረው ሰው ፈልጉለት፤ ሲያለቅስም አብራችሁት ተቀመጡ።

ልጃችን አሁን አሥራ አራት ዓመት ሊሞላት ነው። የፖስታው ሰነዶች ቅጂና የማስታወሻዬ ገጽ በእሷ መሳቢያ ውስጥ ናቸው። የሶዶዋ እናት ወደ አገራቸው ቢመለሱም በስልክ ወላይትኛ ያስተምሯታል፤ በበዓል ቀን አያቷ ቤት ሄደው ስልኩን ይዘውላቸው ያገናኟቸዋል። አያት በሕይወት አሉ፤ ዓይናቸው ደክሟል።

በመጪው መስከረም ለጊፋታ፣ ለወላይታ ዘመን መለወጫ፣ ሦስታችንም እንሄዳለን። ሁላችንም የትውልደ ኢትዮጵያዊነት መታወቂያ፣ በተለምዶ ቢጫ ካርድ የምንለውን፣ ይዘናል፤ የእሷን ቅጽ ራሷ ናት የሞላችው። ከአዲስ አበባ በቡታጅራና በሆሳዕና አድርገን በመኪና እንወርዳለን። በቀን ይሁን ብላለች፤ ያን ጊዜ ያላየችውን መንገድ በመስኮት ማየት ትፈልጋለች። አያቷ ቤት ስንደርስም አስተርጓሚ እንዳንይዝ አስጠንቅቃናለች።