ዲኤፍ ሞልቷል ሲል፣ ዲዩ ገና ነው ሲል

ሊነክስ ሰርቨር ላይ «ዲስኩ ቦታ የለውም» የሚል መልእክት ሲመጣ ብዙ ሰው እጁ ቶሎ የሚሄደው ወደ ፋይል መሰረዣው ትእዛዝ፣ ወደ አርኤም ነው። ቆይ፣ ተረጋጉ! መጀመሪያ ዲኤፍ ማይነስ ኤች በሉ፤ የትኛው ፓርቲሽን (የዲስክ ክፍል) እንደሞላ ይነግራችኋል። ከዚያ በዲዩ ማይነስ ኤስኤች የየፎልደሩን መጠን እያያችሁ ውረዱ። ውጤቱን በሶርት ማይነስ ኤች ብታሳልፉት ትልልቆቹ ከታች ተሰልፈው ይመጣሉ።

አንዳንዴ ግን ሁለቱ አይስማሙም። ዲኤፍ ጢም ብሏል ይላል፣ ዲዩ ደግሞ ቢደምር ቢደምር ግማሹን እንኳ አያገኝም። ብዙ ጊዜ ጥፋተኛው አንድ ፕሮግራም ከፍቶ እንደያዘው የተሰረዘ ሎግ (ፕሮግራሙ ሥራውን የሚመዘግብበት) ፋይል ነው። ሊነክስ ላይ ፋይል ስትሰርዙ የሚጠፋው ስሙ ነው፤ የያዘው ፕሮግራም እስኪለቀው ድረስ ብሎኮቹ (የያዛቸው የዲስክ ቁራጮች) አይመለሱም። ዲዩ ስም እየተከተለ ስለሚቆጥር አያየውም፣ ዲኤፍ ግን በቀጥታ ፋይል ሲስተሙን ስለሚጠይቅ ያውቀዋል። ኤልኤስኦኤፍ ፕላስ ኤል1 ብላችሁ ማን እንደያዘው እዩና እሱን ሪስታርት አድርጉት። እየተጻፈበት ያለ ሎግ ከመሰረዝ ይልቅ በትራንኬት ማይነስ ኤስ 0 ባዶ ማድረግ ይሻላል።

ይኸው ትራንኬት ሌላም ጉድ አለው። ማይነስ ኤስ 10ጂ ብላችሁ አዲስ ፋይል ፍጠሩ። በኤልኤስ ማይነስ ኤል ስታዩት 10 ጊጋ፣ በዲዩ ስታዩት ዜሮ! ሁለቱም ልክ ናቸው፤ አንዱ ርዝመቱን ነው የሚናገረው፣ ሌላው በእውነት የተሰጠውን ብሎክ። የቨርቹዋል ማሽን ዲስኮች ብዙ ጊዜ እንዲህ ናቸው፣ ለዚህም ነው 20 ጊጋ ዲስክ ላይ 10 ጊጋ የሚባሉ ሦስት አራት ፋይሎች ያለ ችግር ተቀምጠው ቆይተው አንድ ቀን ሁሉም መሙላት ሲጀምሩ ጉድ የሚፈላው። ቦታው ከምር እንዲያዝ ከፈለጋችሁ ፎልአሎኬት ማይነስ ኤል ተጠቀሙ። ኢኤክስቲ4 በሚባለው የሊነክስ ፋይል ሲስተም ላይ ብሎኮቹን ብቻ ስለሚያስይዝ ዓይን እስኪጨፈን ያልቃል። ዲዲ የሚባለው ትእዛዝ ግን ዜሮውን አንድ በአንድ ይጽፋል፣ ለዚህ ሥራ ምን እንደሚያደክመን አይገባኝም። እንዲህ ያለ ክፍት ቦታ ያለውን ፋይል በታር ስትጠቀልሉ ማይነስ ትልቁን ኤስ አትርሱ፤ ያለዚያ ስትፈቱት ዜሮው ሁሉ እውነተኛ ቦታ ይወስዳል። ካበጠ በኋላም ቢሆን ፎልአሎኬት ማይነስ ዲ ዜሮዎቹን መልሶ ይፈለፍላቸዋል።

ቦታ እያለ «የለም» ካላችሁ ዲኤፍ ማይነስ አይ በሉ፤ ጥቃቅን ፋይሎች አይኖዱን (ለየፋይሉ አንድ አንድ የሚያዘውን መዝገብ) ጨርሰውት ይሆናል። ኢኤክስቲ4 ደግሞ ካልቀየራችሁት 5 በመቶውን ለሩት (ለዋናው አስተዳዳሪ) ያስቀምጣል። ዳታ ብቻ ላለበት ትልቅ ዲስክ ይህ ይበዛል፣ በቱን2ኤፍኤስ ማይነስ ኤም 1 ዝቅ አድርጉት። ሲስተሙ ያለበትን ግን ባትነኩት ይሻላል።